ከላይ የሚፈሰውን ከታች ስደፍን

ሰው ጉድለቱን ሲናዘዝ ብዙ ጊዜ የሚያምርበትን መርጦ ነው። «የኔ ችግር ሰው ማመኔ ነው»፣ «ሥራ ከያዝኩ ራሴን እረሳለሁ» ይላል። እንዲህ ያለውን ኑዛዜ የሰማ ሰው ከማዘን ይልቅ ማጨብጨብ ይቃጣዋል። የእኔ ኑዛዜ ለጭብጨባ አይመችም። የአሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ባለቤት ነኝ። መኪናዬ የሞተር ዘይት ታንጠባጥባለች። ማንጠባጠብ የጀመረችው በእርጅናዋ ነው፤ ለዓመታት ያንጠባጠበችው ግን በእኔ ነው። ስስታም ነኝ፤ አዋቂ መምሰል እወዳለሁ፤ ብሎን ሳጠብቅ ማቆሚያውን አላውቅም፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሳላይ እፈርዳለሁ። ይህን የሚናገረው ሰው መተዳደሪያው ኦዲት መሆኑን ስትሰሙ አትሳቁ። ከካዝና የጎደለ ገንዘብ በየት በኩል እንደወጣ ከሰነድ ሰነድ እየተከተለ የሚያገኝ ሰው ነው እንግዲህ የራሱ መኪና ዘይት በየት በኩል እንደሚወጣ ማግኘት ያቃተው።

ዲኤክስን ለአዲስ አበባ አንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ቶዮታ የእኔዋን ትውልድ ኮሮላ ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ ኃይሏን ለኋላ ጎማ የምትሰጥ፣ ኮፈኗ ሲከፈት ሁሉም ነገር በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚደረስበት መኪና ናት። ሌላ አገር ብትሆን ሙዚየም ትገባ ነበር። እኛ ዘንድ ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስመጣትን በግብር አከበደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ታቅፎ ይኖራል። ይህን የማነሳው ለጥፋቴ ሰበብ እንዲሆነኝ ነው። ሰበብ መደርደርም ከጉድለቶቼ አንዱ ነውና በዝርዝሩ ላይ ይመዝገብልኝ።

መጀመሪያ ስለ ኮፓ። ኮፓ ማለት ከሞተሩ ሥር የተንጠለጠለው፣ ዘይቱ የሚያርፍበት የብረት ገበቴ ነው። ፓምፑ ከኮፓው ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ በተቀመጠ ወንፊት በኩል ዘይቱን ይስብና ወደ ላይ ይገፋዋል። ዘይቱ ኩሽኔቶቹን፣ ካምሻፍቱንና ፑንተሪያውን አርሶ ሲያበቃ በራሱ ክብደት ተመልሶ ይወርዳል። ወደ ላይ የወጣ ሁሉ መመለሻው ኮፓ ነው። ኮፓው ከሞተሩ አካል ጋር የሚገናኘው በዙሪያው በተደረደሩ ትንንሽ ብሎኖች ሲሆን በመሀላቸው ጓርኒሲዮን አለ። የእኔዋ መኪና ጓርኒሲዮን ከቡሽ የተሠራ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጠብታው ከኮፓው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል። አየሁ፤ በቃኝ፤ ፋይሉን ዘጋሁ።

ፋይሉን ዘጋሁ ማለት ግን ወደ ጥገና ገባሁ ማለት አይደለም። ከዚያ በፊት ረጅም የካርቶን ዘመን አለ። ከሱቅ ካርቶን እየለመንኩ ከመኪናዋ ሥር አነጥፍ ነበር። አከራዬ እትዬ አንድ ጠዋት መቁጠሪያቸውን ይዘው ወጡና ግቢውን አይተው፣ «የኔ ልጅ፣ ይቺ መኪና ሽንቷን መቋጠር አቃታት እኮ» አሉኝ። «ላብ ነው እትዬ፣ አሮጌ መኪና ያልበዋል» አልኳቸው። እሳቸው ዝም አሉ፤ እኔ አሳማኝ መልስ የሰጠሁ መሰለኝ።

በዚያ ዘመን አንድ ትልቅ እምነት ነበረኝ፦ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀይ የዘይት መብራት እስካልበራ ድረስ ዘይት አለ። ይህ እምነት ብዙ ሞተር ገድሏል። መብራቱ የሚያውቀው የዘይቱን ግፊት እንጂ መጠኑን አይደለም። እየተነዳ ሳለ ከበራ ፓምፑ በዘይት ፋንታ አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል፤ ብረትና ብረት መፋጨት የጀመሩት ያኔ ነው። ቤቱ ተቃጥሎ ካለቀ በኋላ «እሳት!» ብሎ የሚጮህ ዘበኛ ማለት ነው። መጠኑን የሚያሳየው መለኪያ ዘንጉ ነው፤ በብዙ መኪኖች ላይ ከታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው ያለው ልዩነት አንድ ሊትር ገደማ ነው። ዘንጉን አላየሁም ነበር ብዬ አልዋሽም፤ አየው ነበር። ግን የግቢያችን መሬት ተዳፋት ነው፤ ሜዳ ላይ ሳያቆሙ የሚለካ ዘይት እንደ መሬቱ ያጋድላል። በአንዱ አቅጣጫ ሳቆማት ጎደለ ይለኛል፤ አዙሬ ሳቆማት ሞላ ይለኛል። አዙሬ ማቆም ለመድኩ።

ከዚያ መድኃኒት መሞከር መጣ። ወፍራም ዘይት ቀጠልኩ፤ ወፍራም ነገር በቀጭን ቀዳዳ አይወጣም የሚል ፍልስፍና ነበረኝ። ሲሞቅ ቀጠነ፤ ወጣ። ቀጥሎ ማፍሰስ ያቆማል የተባለ ነገር በጠርሙስ ገዝቼ ጨመርኩ። እንዲህ ያለው ፈሳሽ ደግሞ የሚሠራው የደረቀ የጎማ ሲልን በማለስለስና በማሳበጥ ነው። የቡሽ ጓርኒሲዮን አይሰማውም። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያነበብኩት ከጨመርኩ በኋላ ነው።

በየዓመቱ ደግሞ የቦሎ ወቅት ይመጣል። ለምርመራ የሚቀርብ መኪና ሥሩ በዘይት ጠቁሮ ሲታይ ጥያቄ ያስነሳል። ስለዚህ በዋዜማው ናፍጣ በብሩሽ እየነከርኩ ሞተሩን ከላይ እስከ ታች አሸዋለሁ፤ በውኃ አለቀልቃለሁ፤ በጨርቅ አደርቃለሁ። ማለዳ ላይ ዲኤክሴ ፋብሪካ ያደረች ትመስላለች። መርማሪው ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ደረቅ ነው። ቦሎዬን ለጥፌ፣ ኮፈኑን ዘግቼ፣ አሸንፌ እመለሳለሁ። ማንን እንዳሸነፍኩ ያኔ አልተጠየቅኩም።

በመጨረሻ መጠገን ግድ ሲሆን ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ ሄድኩ። ሳያዩ ዋጋ አይናገሩም፤ «አድራት፣ ልያት» አሉኝ። ማደሩም በልቤ የገመትኩት ዋጋም ከበደኝ። ለጥቂት ባለ 10 ቁጥር ብሎን ይህን ያህል? ስልኬ ላይ አንድ ፈረንጅ ኮፓ ሲፈታ የሚያሳይ ቪዲዮ አየሁ፤ እየሳቀ ነው የሚፈታው። እኔም እስቃለሁ አልኩ። ሶማሌ ተራ ወርጄ ጓርኒሲዮን ጠየቅኩ። «ኦርጅናል ነው?» ስለው ሻጩ ደረቱን ይዞ፣ «ወንድሜ፣ ከኦርጅናል የሚበልጥ ነው» አለኝ። ከሚበልጠው ውስጥ ደግሞ የሚያንሰውን በርካሽ መረጥኩ። ሚስማር ላይ ተሰቅሎ የከረመ ቡሽ ነበር፤ ደርቆ አጥሯል፣ ቀዳዳዎቹ ከብሎኖቹ ጋር አይገጥሙም። እንዲህ ያለውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማለስለስ እንደሚቻል ሻጩ ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን ጎትቼ አደረስኩት። ሲጎተት ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁን ሲሊኮን ይሸፍነዋል አልኩ።

ስለ ሥራው ቀን ባጭሩ ልናገር ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ኃጢአቱ ግን ብዙ ነው። መኪናዋን ያነሳሁት በክሪክ ብቻ ነው። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም፤ ከሥሩ የሚገባ ሰው ጠንካራ የብረት መደገፊያ ማቆም አለበት። እኔ ድንጋይ ደረደርኩ። ባለቤቴ ይህን አይታ የተናገረችውን እዚህ መጻፍ አይቻልም። ድንጋዩን አስነስታ ከጎረቤት መደገፊያ ባታስመጣልኝ ኖሮ ይህን ኑዛዜ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፈው። ዘይቱን ያወረድኩት በልብስ ማጠቢያ ሳፋዋ ላይ መሆኑን ያኔ አላየችም።

ብሎኖቹ ወለቁ፤ ኮፓው ግን እንደተጣበቀ ቀረ። ፈረንጁ በጎማ መዶሻ ቀስ ብሎ ጎኑን መታ መታ ያደርጋል። እኔ ካቻቢቴ ሰክቼ ፈለቀቅኩት። ጠርዙ ተጣመመ፤ ኮፓውም ከነተረፈው ዘይት ፊቴ ላይ ወረደ። ተፈስሶ አለቀ የተባለ ኮፓ ሁልጊዜ የሚያስተርፈው አለው። አጠብኩት። በየብሎን ቀዳዳው ዙሪያ ቆርቆሮው ጎብጦ ወጥቷል፤ ከዚህ በፊት የነካው ሰው ከልክ በላይ አጥብቆታል ማለት ነው። ደንቡ ይህን እብጠት ጠፍጣፋ እንጨት ላይ አስቀምጦ በመዶሻ መልሶ ማስተካከል ነው፤ አለዚያ ምንም ዓይነት ጓርኒሲዮን አይገጥምም። አየሁት፤ አወቅሁት፤ ደከመኝ። «ሲሊኮኑ ይሞላዋል» አልኩ። እንደ እኔ ላለ ሰነፍ ሲሊኮን ቁሳቁስ ሳይሆን ሃይማኖት ነው። ዘይት ባልተጠረገ ብረት ላይ፣ በሁለቱም በኩል፣ ወፍራም አድርጌ ቀባሁ።

ማጥበቁ ላይ ስደርስ ወንድነቴ መጣ። የኮፓ ብሎን ስድስት ሚሊ ውፍረት ያለው ትንሽ ነገር ነው፤ ከመሀል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ ግራና ቀኝ እየተቀያየሩ፣ በአንጓ ኃይል ብቻ በሁለት ሦስት ዙር የሚጠብቅ ነው። እኔ ከአንዱ ጥግ ጀምሬ እስኪያቃስት ድረስ እያጠበቅኩ ዞርኩ። በጠበቀ ቁጥር አያፈስም የሚል ሰው ቡሽ አያውቅም፤ ቡሽ ሲጨነቅ ይሾልካል፣ ይተረተራል። ሲያጌጡ ይመላለጡ ይሏል ይህ ነው። አንዱ ብሎን ተቆረጠ፤ ጭንቅላቱ እጄ ላይ፣ አካሉ ሞተሩ ውስጥ ቀረ። ምን አደረግሁ? ጭንቅላቱን በሲሊኮን አጣብቄ ቦታው ላይ መለስኩት። ከሩቅ ለሚያይ ብሎኖቹ ሙሉ ናቸው። በሥራዬ ላይ እንዲህ ያደረገ ገንዘብ ያዥ ባገኝ ኖሮ ሪፖርቴን በደስታ ነበር የምጽፈው።

ሲሊኮን እስኪደርቅ መታገሥ ያስፈልገዋል፤ አንዳንዱ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ለቅሶ ነበረብኝ፤ ወዲያው ዘይት ሞልቼ ነዳሁ። ድንኳኑ በር ላይ ያቆምኩበት ቦታ ከበፊቱ በእጥፍ አንጠባጠበች። ቢሮ ስደርስ ግን «ኮፓዬን ራሴ ፈትቼ ጠገንኩ» ማለቴ አልቀረም። የሰሙት አደነቁ፤ አድናቆቱ ምክር መስጠት አስጀመረኝ። አንድ የቮልስ ባለቤት የሆነ የሥራ ባልደረባዬ ዘይት ታፈስሳለች ሲል፣ «ቀላል ነው፣ ኮፓዋን ፍታና ጓርኒሲዮኑን ቀይር» አልኩት። ረጋ ብሎ አየኝና፣ «ወንድሜ፣ ቮልስ እኮ ኮፓ የላትም» አለኝ። እውነቱን ነው። የቮልስ ዘይት የሚያርፈው በራሱ በሞተሩ አካል ውስጥ ነው፤ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው የምትይዘው፤ ከሥሯ በስድስት ትንንሽ ዳዶ የተያዘች ክብ ሳህንና ወንፊት አለቻት፤ አለቀ። «አዲሱን ሞዴል ማለቴ ነው» አልኩት። አሮጌዋን ቮልስ ከበር ላይ አቁሟታል።

ቀዩ መብራት ብልጭ ማለት ሲጀምር ወደ አዛውንቱ ተመለስኩ። ከሥሯ ገብተው ወጡና፣ «ማነው የነካት?» አሉኝ።

«አንድ ልጅ ነው፣ ጋሼ» አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ የሌለ ልጅ ፈጥሬ ከሰስኩ።

«እንዲህ ያለውን ልጅ መፍቻ ማስያዝ ነውር ነው» አሉ። እኔም ተስማማሁ።

ከዚያ የሠሩት ሥራ አናደደኝ፤ ምክንያቱም የማውቀው ሥራ ነበር። ሞተሩን በናፍጣ አጠቡ። በኮምፕሬሰር አየር አደረቁ። ከዚያ ግን እንደ እኔ ኮፈኑን ዘግተው አላበቁም፤ «ነድተህ ተመለስ» አሉኝ። ተመለስኩ። ባትሪ ይዘው ከላይ ጀመሩ፤ ከላይ። የፑንተሪያው ክዳን የኋላ ጥግ ላይ ቀጭን የዘይት መስመር ታየ። ጣታቸውን እያስከተሉ አወረዱት፤ ከክዳኑ በሞተሩ ጀርባ፣ ከዚያ ወደ ካምቢዮው መገናኛ፣ ከዚያ በኮፓው ጠርዝ ዞሮ ወደ ጠብታው። የክዳኑ ጓርኒሲዮን ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ዋናው ነገር ደግሞ ሌላ ነበር፤ ሞተሩ የሚተነፍስበት ቱቦ በቅርፊት ተዘግቷል። ያረጀ ሞተር በፒስተኑ ጎን ወደ ታች የሚያሾልከው ጋዝ አለ፤ ያ ጋዝ መውጫ ካጣ ውስጡ ይታመቅና በደከመ ጓርኒሲዮን ሁሉ ዘይቱን ይገፋል።

«ሞተርህ መተንፈሻ አጥቶ ነው» አሉኝ። «ትንፋሹን በዘይት ነው የሚያወጣው። ለመሆኑ ሞተሯን አጥበህ አታውቅም?»

«በየዓመቱ አጥባለሁ፣ ጋሼ።»

«ካጠብክ በኋላስ?»

«ኮፈኑን እዘጋለሁ።»

ሳቁ ጋራዡን ሞላው። መድኃኒቱን በየዓመቱ በገዛ እጄ ስቀምመው ኖሬያለሁ ማለት ነው፤ ለመደበቂያ። ታጥቦ የደረቀ ሞተር ከሁሉ የበለጠ ምስክር ነው፤ መጀመሪያ የረጠበው ቦታ አድራሻውን ይናገራል። እኔ ምስክሩን አዘጋጅቼ፣ አልብሼ፣ ሊናገር ሲል አፉን እዘጋበት ነበር።

ውርደቱ አላበቃም። የድሮውን ጓርኒሲዮን ቁርጥራጭ ከስስቴ የተነሳ አልጣልኩትም ነበር፤ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩና፣ «ይሄኮ ደህና ነበር» አሉ። ኮፓው እስክጠግነው ድረስ አያፈስም ነበር። አሁን ሁለት መፍሰሻ አለ፤ የመኪናዋና የእኔ። የእኔን ለማከም ኮፓው እንደገና ወረደ። ወደ ውስጥ የተረፈው ሲሊኮን ተቆራርጦ የፓምፑን ወንፊት ግማሽ ሸፍኖታል፤ ያ ብልጭ የሚል መብራት ምን ሊነግረኝ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ትንሽ ብቆይ ኖሮ ስለ ኮፓ ሳይሆን ስለ ሙሉ ሞተር ነበር የምንነጋገረው። አዛውንቱ ብሎኖቹን ሲፈቱ አንዱ መፍቻ ሳይነካው በጣታቸው ወለቀ። ጭንቅላቱን መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩት፤ ቀጥለው ጥፍሬ ሥር የቀረውን ጥቁር ሲሊኮን አዩ። «ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው» አሉ። ከዚያ በላይ አልጨመሩም። የከፈልኩት ገንዘብ መጀመሪያ ከሸሸሁት በጣም ይበልጣል፤ ኪሴ እንደ ቅጣት ተቀበለው።

እስካሁን የተሳቀበት ይብቃና የማያስቀውን ልናገር። ከሳፋው የወጣውን ጥቁር ዘይት የት እንደደፋሁት አልነገርኳችሁም። ሰፈራችን ቦይ ውስጥ ነው፤ በጨለማ። የአዲስ አበባ ቦይ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ወንዞቹ ወደ አቃቂ፣ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። ያገለገለ የሞተር ዘይት የብረት ብናኝና ለጤና አደገኛ የሆነ ቅሪት ይዟል፤ ከታች በዚያ ውኃ ጎመን የሚያጠጣ፣ ከብት የሚያሰማራ ሰው አለ። ደህና ጋራዥ ዘይቱን በበርሜል ያጠራቅማል፤ ጀሪካን ይዤ ሄጄ መስጠት እችል ነበር። ቅርብ ነበር።

ለምን እንዲህ እንደሆንኩ አስቤበታለሁ። ከመኪና ሥር የተኛ ሰው የሚሠራ ይመስላል፤ እግሩ ወጥቶ ይታያል፣ ፊቱ ይጠቁራል፣ ጎረቤት «አይዞህ፣ በርታ» ይለዋል። ኮፈን ከፍቶ እጁን አጣምሮ ሞተር የሚያይ ሰው ግን ሥራ የፈታ ነው የሚመስለው። እኔ ከማወቅ ይልቅ መሥራት፣ ከመሥራትም ይልቅ ሲሠሩ መታየት ነው የሚጥመኝ። ቢሮዬ ውስጥ መደምደሚያው አስቀድሞ የተጻፈ ሪፖርት ቢቀርብልኝ እመልሰዋለሁ። ለራሴ ሲሆን ግን መደምደሚያው ላይ ቁጭ ብዬ ማስረጃውን በሲሊኮን እለስነዋለሁ።

እንግዲህ አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ መኪናችሁ ዘይት ካንጠባጠበች መጀመሪያ መለኪያ ዘንጉን ሜዳ ላይ አቁማችሁ፣ ሞተሩም እስኪረጋ ጠብቃችሁ እዩ። ከዚያ ሞተሩን እጠቡ፤ ጥቂት ነድታችሁ ኮፈኑን ክፈቱ፤ ከላይ ወደ ታች ፈልጉ። የፑንተሪያውን ክዳን፣ ፊልትሮውን፣ የዘይት ግፊት ጠቋሚዋን፣ የመተንፈሻ ቱቦውን ሳታዩ ኮፓ አትፍቱ። ከፈታችሁም ጠርዙን አቃኑ፣ ሲሊኮኑን አሳንሱ፣ ብሎኑን በአንጓ ብቻ አጥብቁ፤ ዘይቱን ለጋራዥ ስጡ። ይህ ሁሉ ከበዛባችሁ የመካኒኩን ዋጋ ክፈሉ፤ ርካሹ እሱ ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ እንደ እኔ ያለ ሰው ካለ ደግሞ፣ አደራችሁን፣ መፍቻ አታውሱት።